ይፈታል?

ለሁለት ዓመት ያህል ጠዋት ጠዋት የማደርገው አንድ ነገር ነበር። ቢሮ እገባለሁ፣ ኮምፒውተሬን አበራለሁ፣ ከዚያ ደረጃውን ወርጄ ማኪያቶ አዝዛለሁ። ማኪያቶዬን ጠጥቼ፣ ሒሳብ ከፍዬ፣ በር ላይ ከሚቀመጠው ሊስትሮ ጋር ስለ ኳስ ትንሽ ተከራክሬ ስመለስ ዊንዶውሱ ገና እየተነሳ ነው። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች። እሷ ስትዞር እኔም ወንበሬ ላይ አብሬያት እዞራለሁ።

ከፊት ለፊቴ የአክስቴ ልጅ ተቀምጣለች። የእሷ የአፕል ሥሪት የሆነው ሰማያዊ አይማክ ነው። ገና ነካ ስታደርገው ይነቃል። እኔ ማኪያቶ ልጠጣ ስወርድ የጀመረችውን ሥራ፣ ስመለስ ጨርሳ ለደንበኛ ልካዋለች። ቀና ብላ ታየኝና፣ «ዛሬስ ተነሳ? ወይስ ጠበል እንውሰደው?» ትለኛለች።

ቢሯችን ያኔ ፒያሳ ነበር። ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ፣ ነፋሱ ሲመቸው የቶሞካ ቡና ሽታ የሚደርስበት አሮጌ ፎቅ ላይ። አንድ ክፍል ናት፤ ኪራዩን ለሁለት እንከፍላለን። እኔ የትናንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ እሠራለሁ። እሷ ግራፊክስ ዲዛይነር ናት፤ የሠርግ ካርድ፣ ባነር፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ አንዳንዴም የምግብ ቤት ሜኑ ትሠራለች። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ሁለታችንም የገዛነው ኦል ኢን ዋን ነው። ስክሪኑና ኮምፒውተሩ አንድ አካል የሆነ፣ ከጠረጴዛ ሥር «ሲፒዩ» እያልን የምንጠራው ሳጥን የሌለው። (ሲፒዩ ውስጥ ያለችው ቺፕ ናት እንጂ ሳጥኑ አይደለም። ይህን ለሰው ማስረዳት ግን ከተውኩ ቆየሁ።)

መመሳሰላችን እዚህ ላይ ያበቃል። የእኔ ከርካሾቹ ነው፣ የእሷ ከውዶቹ። ክርክራችንም የተጀመረው ሁለቱ ፊት ለፊት የተቀመጡ ዕለት ነው።

የእኔን ስገዛ ሻጩ ጎበዝ ነበር። 21.5 ኢንች ስክሪን፣ 4 ጊጋ ራም፣ አንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ፣ ሴሌሮን ፕሮሰሰር። «አንድ ቴራ» ሲል ድምፁን ከፍ አደረገ፤ «ሴሌሮን» ሲል ዝቅ አደረገ፤ የኢንቴል ርካሹና ደካማው ፕሮሰሰር ነው። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ትልቅ ቁጥር ሳይ ልቤ ይሸፍታል። የምርቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የአንድ ድርጅት አይደለምና። በዚያ ዋጋ የሚሸጡት ሁሉ ማለት ይቻላል አሠራራቸው አንድ ነው። ሲያዩት የሚያምረውን ነገር ፊት ለፊት ያስቀምጣሉ፣ የቆጠቡበትን ከስክሪኑ ጀርባ ይደብቃሉ።

የተደበቀው ምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ርካሽ ኦል ኢን ዋን ማለት ባትሪው የወጣለት ርካሽ ላፕቶፕ ቆሞ ሲሄድ ማለት ነው። ራሙ የላፕቶፕ ራም ነው። ቻርጀሩ የላፕቶፕ ቻርጀር ነው። ሃርድ ዲስኩም የላፕቶፕ ነው፤ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞረው፣ ዝግ ያለው ዓይነት። ዊንዶውስ ሲነሳ ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን ከዚህም ከዚያም ይለቃቅማል። የዲስኩ መርፌ በየቦታው እየተሯሯጠች ስትፈልግ ማኪያቶዬ ያልቃል።

የእሷን ወንድሟ ከዋሽንግተን ይዞላት መጣ። በፈረንጆቹ 2021 የወጣው፣ ኤም 1 ቺፕ ያለው፣ 24 ኢንች የሚባለው ነው። ውፍረቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በጣም ከመቅጠኑ የተነሳ የጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ ከኋላ መግባት አልቻለም፤ የተሰኪው ርዝመት ከኮምፒውተሩ ውፍረት ይበልጣል። ስለዚህ ከጎን አደረጉት። የኢንተርኔት ገመዱም የሚሰካው ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ የሚቀመጠው ቻርጀር ላይ ነው። 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ማከማቻ።

«ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት?» አልኳት በመጀመሪያው ቀን። «የእኔ እኮ አራት እጥፍ ነው።»

«አራት እጥፍ ቀስ ብሎ» አለች።

ኦል ኢን ዋን እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ 1984 የወጣው የአፕል የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ራሱ አንድ አካል ነበር፤ 9 ኢንች ጥቁርና ነጭ ስክሪን፣ 128 ኪሎባይት ሜሞሪ፣ ዋጋው 2,495 ዶላር። እኔን ግን የለከፈኝ በ1998 የወጣው የመጀመሪያው አይማክ ነው። ፒያሳ በነበረው የብሪቲሽ ካውንስል ቤተ መጻሕፍት መጽሔት ሳገላብጥ አየሁት። ተማሪ ነበርኩ። ባሕር የመሰለ ቀለም ያለው፣ ጀርባው የሚያሳልፍ፣ እንቁላል መሳይ ነገር። ያኔ የማውቀው ኮምፒውተር ትምህርት ቤታችን ውስጥ ጨርቅ ለብሶ፣ በር ተቆልፎበት የሚኖር ግራጫ ሳጥን ነበር። ጫማ አውልቀን ነበር የምንገባለት። ያንን ሰማያዊ ነገር ሳይ ኮምፒውተር ከረሜላ ሊመስል እንደሚችል መጀመሪያ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ዋጋው 1,299 ዶላር ነበር። የአክስቴ ልጅ አይማክም በ2021 መነሻ ዋጋው 1,299 ዶላር ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ቁጥሩ ያው። እኛ ጋ ሽንኩርት ሃያ ሦስት ቀን አንድ ዋጋ ላይ አይቆይም።

ስለዚህ ምቀኝነት አልነበረብኝም ብል ውሸት ነው። ከልጅነቴ የምመኘው ነገር ፊት ለፊቴ ተቀምጦ በእኔ ላይ ሙድ ይይዛል።

የመጀመሪያውን ድል ያገኘሁት በፍላሽ ነው። እሷ ጋ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ሥራውን የሚያመጣው በፍላሽ ነው። አይማኩ ደግሞ የለመድናት ሰፊዋ የፍላሽ መሰኪያ የለችውም፤ ሁሉም መሰኪያዎቹ ትናንሾቹ፣ ሞላላዎቹ ናቸው። አስማሚዋ ደግሞ ሁልጊዜ ትጠፋለች። ደንበኛው ፍላሹን እንደ ጧፍ ይዞ ይቆማል፤ እሷ ከመሳቢያ መሳቢያ ትሮጣለች። እኔ እጄን ዘርግቼ፣ «ወዲህ በለኝ ወንድሜ» እላለሁ።

ድሉ ግን ብዙ አልቆየም። የከተማችን ፍላሽ ያለ ቫይረስ አይመጣም። ያ ፋይሎችህን ሁሉ ደብቆ በምትካቸው አቋራጭ የሚያስቀምጠው ቫይረስ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ሁለት ጊዜ ከተበላሁ በኋላ አሠራሩ ተገለበጠ። አሁን ፍላሽ ሲመጣ መጀመሪያ እሷ ጋ ይሄዳል። አይማኩ ላይ ያ ቫይረስ እንደ ሞተ ዝንብ ተጋድሞ ይታያል። እሷ ትጠርገዋለች፣ ከዚያ ወደ እኔ ታሻግረዋለች። እንደ ውኃ ማጣሪያ።

ሁለተኛው ድሌ ይበልጥ ጠንካራ ነው። አንድ ሳምንት የእኔ ኮምፒውተር አልነሳም ብሎ እሷ የራሷን አዋሰችኝ። ተቀመጥኩ። ስክሪኑ እንደ ሐይቅ የጠራ ነው። ከዚያ የሒሳብ ፕሮግራሜን፣ ፒችትሪን፣ ልክፈት ብል፣ የለም። ፒችትሪ የዊንዶውስ ሰው ነው። እኛ አገር ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛ ማለት ፒችትሪ ማለት ነው፤ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ከዲግሪው ቀጥሎ የሚጻፈው እሱ ነው። የደብዳቤዎቹ ፋይሎች በአሮጌው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግእዝ የተጻፉ ስለነበሩ እነሱም ሲከፈቱ ፊደል ሳይሆን የነጥብና የምልክት ጫካ ሆኑ። ግእዝ በዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ ቦታውን ያገኘው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት በየቢሮው የተጻፈው በራሳቸው መላ ፊደል በሚያሳዩ ፕሮግራሞች ነው፤ ያ ሁሉ ወረቀት ዛሬም በየፍላሹ አለ። በኢንቴል የሚሠሩት የድሮ ማኮች ዊንዶውስ ጎን ለጎን ይጫንባቸው ነበር። ከኤም 1 ጀምሮ ያ በር ተዘጋ።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ብር ምን ሊሠራ ነው?» አልኳት።

«ለእኔ ይሠራል» አለች። «ያንተ ሥራ ነው ያረጀው።»

ሐምሌ ለሒሳብ ሠራተኛ ክረምት ብቻ አይደለም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከዚያ ደንበኛ ሁሉ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ደረሰኝ በካርቶን ተሸክሞ ይመጣል። አንዱ ካርቶን ውስጥ እንዲያውም የልጁን የክትባት ካርድ አግኝቼ መልሻለሁ። በዚህ ሰሞን አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ ሳለ መብራት ሄደ።

ሁለቱም ስክሪኖች እኩል ጠፉ። ውዱም ርካሹም፣ ኤም 1ም ሴሌሮኑም፣ አብረው። ትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

«ሴቭ አድርገሽ ነበር?»

«አንተስ?»

ማንም አልመለሰም። እኔ የአንድ ድርጅት የደመወዝ ሰንጠረዥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስሞላ ነበር። ያኔ ከጎናችን ካለው የትርጉም ቢሮ አንድ ልጅ ብቅ አለ። ፊደሎቹ የተፋቁ፣ መታጠፊያው በፕላስተር የተያዘ አሮጌ ላፕቶፕ አቅፏል። የስክሪኑ ብርሃን አገጩ ላይ አርፎ፣ «እናንተም ጋ ሄደ እንዴ?» አለን። መልስ ሳይጠብቅ እየጻፈ ተመለሰ።

ያን ቀን ነው ክርክራችን ግማሹ ትርጉም እንደሌለው የታየኝ። የእሷ ኤም 1 ማክቡክ ኤር ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ያው ቺፕ ነው፤ በዚያው ዓመት አይፓድ ፕሮ ውስጥም አስገብተውታል። የእሷም እንግዲህ ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ ነው፤ ያማረ ልብስ የለበሰ። ሁለታችንም የገዛነው መብራት የማይሄድበት አገር ታስቦ የተሠራ ዕቃ ነው። ስለ ፕሮሰሰር ስንጣላ ያ የትርጉም ቢሮ ልጅ በሁለታችንም ይስቅ ነበር።

በማግስቱ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየውን ዕቃ፣ በጋራ ገዛን። ከኋላው ካሉት ሶኬቶች በባትሪ የሚሠሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንዱን እሷ፣ አንዱን እኔ። የእኔ ቻርጀር 65 ዋት ነው፣ የእሷ 143። ሁለቱን አንድ ላይ ሲሸከም ሴቭ ለማድረግና ለመዝጋት ያህል ይቆያል። ሻጩ ኦል ኢን ዋን ሲሸጥልህ ስለዚህ ዕቃ ቃል አይተነፍስም። ለእኔ ግን የኮምፒውተሩ ዋጋ አካል ነው፤ እንደ ጫማና ካልሲ።

ወደ ሽንፈቴ ልምጣ። ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እሷ ይህን ታነባለች።

የሠርግ ካርድ ሠርታ ጨረሰች። ቀናት ሙሉ አፍጥጣበት ስለነበር ዐይኗ ደክሟል። «እስቲ በአንተ ዐይን እየው» ብላ ላከችልኝ። ከፈትኩት። ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የአባቶች ስም፣ የአዳራሹ ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ «ጥሪያችንን አክብረው»። ሁሉም ልክ ነው። «ችግር የለውም፣ ይታተም» አልኳት። 300 ካርድ ታተመ። በሁለተኛው ቀን የሙሽሪት እናት ደወሉ። በልጃቸው ስም ውስጥ ያለችው «ሊ» «ሌ» ሆናለች።

ሊ ከእግሯ አጠገብ ወደ ቀኝ የወጣች አጭር ጭረት ናት ያላት። ሌ እዚያው ቦታ ላይ ትንሽ ቀለበት አላት። ልዩነታቸው ይኸው ነው። በጌጠኛ ፊደል፣ በትንሽ መጠን ሲጻፉ ደግሞ ያቺ ቀለበት የሰናፍጭ ፍሬ ታክላለች። የእኔ ስክሪን በአንድ ኢንች ውስጥ 102 ነጥቦች ናቸው ያሉት። የእሷ 218። በእኔ ስክሪን ላይ ቀለበቷም ጭረቷም ያው አንዲት የደበዘዘች ግራጫ ነጥብ ናቸው። ወንበሬ ላይ ትንሽ ዝቅ ካልኩ ደግሞ ቀለሙ ራሱ ይገለበጣል፤ ርካሽ ስክሪን ከጎንና ከሥር ሲያዩት ይከዳል።

ተነስቼ ጀርባዋ ጋ ሄድኩ። አይማኩ ላይ ያው ፋይል ተከፍቷል። ቁሜ፣ ከአንድ ክንድ ርቀት፣ ቀለበቷ ቁልጭ ብላ ታየችኝ። መዝጊያ ላይ እንደተንጠለጠለች ቁልፍ።

ዳግም ኅትመቱን ለሁለት ከፈልን። «ስክሪን ስክሪን ነው» የምትለውን ክርክሬንም ያን ቀን ቀበርኳት። እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው 102 ነጥብ ይበቃ ይሆናል። የእኛ ፊደል ግን ሙሉ ትርጉሙን በእግርና በአንገት ላይ በምትንጠለጠል ትንሽ ምልክት ላይ የሚጥል ፊደል ነው። ለእኛ ጥሩ ስክሪን ቅንጦት አይደለም። ስለ ውዶቹ ኮምፒውተሮች ሲወራ ፍጥነታቸው ነው የሚወራው፤ እኔ ብሆን ስክሪኑን አስቀድም ነበር።

አሁን ወደሚገርመኝ ነገር።

ማኪያቶው በዛብኝና አንድ ቀን የእኔን ኮምፒውተር አቅፌ እዚያው ፒያሳ ጥገና ቤት ሄድኩ። ጠጋኙ ገና ወጣት ነው። የሚሠራባት ክፍል የአንድ ሰው ትከሻ ታህላለች፤ ግድግዳው በተበለቱ ማዘርቦርዶች ተሸፍኗል። ኮምፒውተሬን በፊቱ በፎጣ ላይ ደፋው። ከኪሱ ያለፈበት የባንክ ካርድ አወጣ። በጠርዙ በኩል አስገባና ቀስ ብሎ እየገፋ ዞረ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ጀርባው እንዳለ ተነሳ።

ውስጡን ሳይ አፈርኩ። ያን ሰሞን ፒያሳ ሁሉ በኮሪደር ልማቱ ይቆፈር ነበር፤ አቧራው ሁሉ እኔ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ይመስላል። ማቀዝቀዣዋ ቡራቡሬ ሱፍ ለብሳለች። አንዲት የደረቀች በረሮም አለች።

«እሷ ከራሙ ጋር የመጣች ናት ጋሼ» አለኝ ሳይስቅ።

ሃርድ ዲስኩ በአንዲት የላስቲክ ክፈፍ ተይዞ ነበር። አውጥቶ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ የሚዞር ነገር የሌለውን ፈጣን ማከማቻ፣ ተካበት። ራሙን ከ4 ወደ 8 አሳደገው። ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ሴሌሮኔ ሴሌሮን ሆኖ ይሞታል። ዊንዶውሱን ጭኖ ሲያበራው ተነሳ። ዝም ብሎ ተነሳ። ማኪያቶ የለ፣ ሊስትሮ የለ። ያለፈው ሁለት ዓመት ንዴቴ መድኃኒቱ የግማሽ ሰዓት ሥራና አንዲት የእጅ መዳፍ የምታህል ዕቃ ነበረች። ፋብሪካው ያቺን ዕቃ ከመጀመሪያው ቢያስገባ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ያላስገባው ሻጩ «አንድ ቴራ» ብሎ እንዲጮህ ነው።

በዚያው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ትልቅ ባነር ስትሠራ ራሙ እየሞላ፣ ማከማቻውም እየጠበበ አስቸገራት። ኮራ ብዬ «እኔ ጋ ሰው አለ» አልኩና ልጁን ቢሮ ጠራሁት። መጣ። አይማኩን ከፊት አየው። ከኋላ አየው። በጣቱ ጠርዙን ዳበሰ። ብሎን ፈለገ።

«ይፈታል?» አለችው።

«ይሄማ የታሸገ ነው እህቴ» አላት። «መስታወቱ በሙጫ ነው የተያዘው። እንፍታው ብንል እንኳ ራሙ ከቺፑ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ ማከማቻውም ቦርዱ ላይ ነው። ገብቼ የምነካው የለም።» ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «27 ኢንቹ ጥሩ ነበር» አለ፤ ስለ ሞተ ዘመድ እንደሚያወራ። ልክ ነው። በፈረንጆቹ ከ2014 እስከ 2020 የወጡት፣ 5ኬ የሚባል በጣም የጠራ ስክሪን ያላቸው 27 ኢንች አይማኮች የመብራት ገመዱ ከሚሰካበት በላይ ትንሽ በር ነበረቻቸው። ከፍተህ ራም ትጨምራለህ። እሱም ውድ ነበር፣ ግን በር ነበረው።

ልጁ ለመጣበት እንኳ አልተቀበለም። እሷ ውጭ የሚሰካ ኤስኤስዲ ገዛችና በስክሪኑ ጀርባ አጣብቃ ኑሮዋን ቀጠለች። አይማኩ እስካሁን አንድ ቀን አልተበላሸባትም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የሚበላሽበት ቀን ነው። አምራቹ አገራችን ውስጥ የራሱ መደብር የለውም። በሻንጣ የመጣ ዕቃ በሻንጣ ይመለሳል።

ያን «ይፈታል?» የሚለውን ጥያቄ እወደዋለሁ። በዚህ ከተማ መኪና የሚገዛም፣ ምጣድ የሚገዛም፣ ፍሪጅ የሚገዛም የሚጠይቀው እሱን ነው። የኦል ኢን ዋን ትልቁ ጣጣ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ ርካሽም ይሁን ውድ። ስክሪኑንና አንጎሉን አጋብቶ አንዱ ሲሞት ሌላውን አብሮ ይቀብራል። ስክሪን ብዙ ዓመት ይኖራል፤ አንጎሉ ቶሎ ያረጃል። በፈረንጆቹ ከ2009 መጨረሻ እስከ 2014 አጋማሽ የተሠሩት አይማኮች አንድ ብልሃት ነበራቸው፤ በገመድ ሌላ ማክ ሰክተህ እንደ ተራ ስክሪን ትጠቀምባቸዋለህ። ያንንም አስቀሩት። ያ የሚያምር 218 ነጥብ አንድ ቀን ከቺፑ ጋር አብሮ ይዘጋል ብዬ ሳስብ የሙሽሪት ስም ትዝ ይለኛል።

ዋጋውን በተመለከተ አጭር ነኝ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ኦፊሴላዊው ምንዛሪ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ወራት ሳይቆይ ከ120 አለፈ። 1,299 ዶላር በፊተኛው 74 ሺህ ብር ገደማ ነው፤ በኋለኛው 155 ሺህ አልፎ ይሄዳል። ቀረጥ የለ፣ የነጋዴ ትርፍ የለ፣ ወንድም ከዋሽንግተን የለ። የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጣ ሳለ ሀብታም ሆነች። እኔን «ተበላህ» ስትለኝ የኖረች ልጅ አሁን ያገለገለውን እንኳ ከገዛችበት በላይ ብር ትሸጠዋለች። የእኔን ርካሹን ግን ማንም «ስንት?» ብሎ አልጠየቀኝም። እዚህም ተሸነፍኩ።

የሰው ጥያቄ ግን አያልቅም። መድኃኒት ቤት ያላቸው አንዲት እናት ደንበኛዬ ናቸው። ባለፈው ደረሰኛቸውን ሲያመጡ ሁለቱን ኮምፒውተሮች አዩና፣ «ልጄ፣ ለሱቁ የቱን ልግዛ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ የእሷን አይግዙ። ለደረሰኝ መቁረጫ ብዙ ነው።»

«ያንተንስ?»

«የእኔንም እንደተሸጠልኝ አይግዙ። ሲገዙ ብራንዱን ይተዉትና ኤስኤስዲ ነው ወይ ብለው ይጠይቁ። ራሙ 8 ነው ወይ ይበሉ። ሴሌሮን ካሉዎት ይውጡ፤ ቢያንስ ኮር አይ 3 ይሁን። ከኋላው ደግሞ የኤችዲኤምአይ መውጫ አለው ወይ ይበሉ።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«ስክሪኑ ሲሞት ሌላ ስክሪን የሚሰካበት ነው።»

«ገና ሳልገዛው ገደልከው እኮ» አሉኝ።

አንድ ነገር ረስቼ ደውዬ ነገርኳቸው። ያገለገለ ሲገዙ ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ይጠይቁ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለውን በደንቡ አይቀበልም። ከውጭ ቢሮዎች ተጠርገው የሚመጡት ቆንጆ ቆንጆ ኦል ኢን ዋኖች ብዙዎቹ ከዚያ በታች ናቸው። ለመድኃኒት ቤቱ ጠባብ ባንኮኒ ግን ኦል ኢን ዋን ልክ ነው እላለሁ። አንድ ገመድ፣ ንጹሕ ጠረጴዛ። ለዲዛይነር ገንዘቡ ካለ አይማክ፤ አሁን እንዲያውም በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ የወጣው ባለ ኤም 4 ቺፑ በዚያው 1,299 ዶላር መነሻ ዋጋ ከ16 ጊጋ ራም ነው የሚጀምረው። ለቀረነው፣ ለእኔ ብጤው፣ ላፕቶፕና ለብቻው የተገዛ ጥሩ ስክሪን ይሻላል። ይህን እያወቅኩ የራሴን አልቀየርኩም። ሰው የተጣላለትን ነገር ቶሎ አይለቅም።

ከዚያ ሕንጻችን ሊፈርስ ነው ተባለና ፒያሳን ለቀን ወደ አራት ኪሎ ወጣን። ኦል ኢን ዋን ዋጋው የሚታወቀው ዕቃ ሲጫን ነው። ሌላው ተከራይ ሳጥንና ስክሪን፣ የገመድ ቋጠሮ ሲያወርድ፣ እኛ ሁለታችን በአንድ ላዳ ሄድን። እሷ አይማኳን በእናቷ ጋቢ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አራት ኪሎ ተኩል ያህል ነው የሚመዝነው። ሹፌሩ በመስታወት አየንና፣ «ሕፃን ነው?» አለ።

አዲሱ ቢሮ ውስጥ የዩፒኤሱ ባትሪ እየደከመ መጣ። ሁለታችንንም አልችልም ይል ጀመር። ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ የአንድ ደንበኛ ሪፖርት የመጨረሻ ገጽ ላይ እያለሁ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ በአንድ ጊዜ ሳያቋርጥ ይጮህ ጀመር።

«ሴቭ አድርጌያለሁ» አለች የአክስቴ ልጅ። እጇን ከጠረጴዛው ሥር ሰድዳ የራሷን ገመድ ነቀለች። አይማኩ ጠፋ። ዩፒኤሱ ጩኸቱን ቀነስ አደረገ። ክፍሏን የሚያበራት የእኔ 21.5 ኢንች ብቻ ሆነ። መጥታ ከኋላዬ ቆመች፣ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አለች።

«ቶሎ በል እንጂ» አለችኝ። ከዚያ ዐይኗን አጥብባ፣ «ቆይ፣ ይቺ ‹ሊ› ናት ወይስ ‹ሌ›?»